«የጠመንጃ ዓይነት» የሚለው ፍች ለማን ይጠቅማል? ስለ አንድ ታጣፊ ጠመንጃ አሰያየም

የመዝገበ ቃላት ፍች የሚፈተነው ቃሉን አስቀድሞ በሚያውቅ አንባቢ ዘንድ ሳይሆን ዕቃውን አይቶ በማያውቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ነው። በአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራ የጦር መሣሪያ ስሞች በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ። «የጠመንጃ ዓይነት»፣ «የጠመንጃ ስም»፣ ሲበዛም «የድሮ ጠመንጃ» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ውጅግራም የጠመንጃ ዓይነት፣ ምንሽርም የጠመንጃ ዓይነት ከተባለ አንባቢው አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር አልተሰጠውም። «ቀበሮ፤ የእንስሳ ዓይነት» ብሎ መፍታትን ማንም አርታኢ አይቀበልም፤ ለጠመንጃ ሲሆን ግን በዝምታ ይታለፋል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ ቃላት ለማሰባሰብ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የወረደ አንድ ባለሙያ አለ እንበል። በዚህ አገር ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ በሠርግም በለቅሶም የሚታይ ንብረት ስለሆነ ስሙና የክፍሎቹ መጠሪያ በሰው አፍ ተጠብቆ ኖሯል። አንድ ሽማግሌ ባለሙያው አይቶት የማያውቀውን መሣሪያ ከጋቢያቸው ሥር ያወጡለታል። ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተጣብቀዋል፤ ዕቃው ከወገቡ ታጥፎ ቱቦዎቹ በሰደፉ ሥር ተኝተዋል፤ ሲዘረጋ ሙሉ ጠመንጃ ይሆናል። «አባቴ፣ ይህን ምን ይሉታል?» ቢል፣ «ታጣፊ ነዋ፣ ልጄ» ይሉታል። እርሱም «ታጣፊ፤ የጠመንጃ ዓይነት» ብሎ በካርዱ ላይ ይመዘግባል።

ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ስሕተቱ የሚመጣው ካርዱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ «ታጣፊ» የሚለውን ቃል ያነበበ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሰደፉ የሚታጠፈውን ክላሽንኮቭ ነው። በእርሱ የሚታጠፈው ሰደፉ ብቻ ነው፤ ቱቦው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ታጥፎም ሊተኮስ ይችላል። ሽማግሌው ያሳዩት ጠመንጃ ግን የሚታጠፈው ቱቦና ሰደፍ በሚገናኙበት ማጠፊያ ላይ ነው። ያው ማጠፊያ ጥይት ለማጉረስ ይከፈታል፤ አልፎ ሲሄድም መሣሪያውን በሁለት ያጥፈዋል፤ ታጥፎ ሳለ ፈጽሞ አይተኮስም። አንድ ቃል ለሁለት የማይገናኙ አሠራሮች ዋለ ማለት ነው። ፍርድ ቤት የቀረበን የኤግዚቢት ዝርዝር የሚተረጉም ሰው በዚህ ካርድ ቢመራ፣ ልሙጥ ቱቦ ያለውን የወፍ ማደኛ የጦር ሜዳ አውቶማቲክ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ በኋላ የተከሳሹ ዕጣ በቃሉ ላይ ይንጠለጠላል።

መፍትሔው ከቋንቋው ሰዋስው አይርቅም። «ልበ ሰፊ»፣ «እጀ ረጅም» እንደሚባለው ሁሉ፣ የመጀመሪያውን «ሰደፈ ታጣፊ»፣ ሁለተኛውን «ወገበ ታጣፊ» ማለት ይቻላል። ሁለቱም የሚታጠፈውን ክፍል ስለሚጠሩ ማብራሪያ ሳይጨመር ይለያያሉ። «ተጣጣፊ» የሚለውን አልደግፍም፤ በዛሬው አማርኛ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥን ነገር ወደ ማመልከት አዘንብሏል። ለማጉረስ ብቻ የሚከፈተውንና ሙሉ በሙሉ የማይታጠፈውን ዓይነት ደግሞ «ወገበ ከፋች» ብንለው ከወገበ ታጣፊው ይለያል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከወገባቸው ተከፍተው የሚጎርሱ የአደን ጠመንጃዎች አብዛኞቹ በሁለት አይታጠፉም፤ የሚታጠፉት በቤልጅግ፣ በኢጣሊያና በስፔን ለመንገደኛና ለገበሬ የተሠሩ፣ በልብስ ሥር ለመሸሸግ ስለሚያመቹም በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚያድን ሰው መሣሪያ ተብለው የሚታሙ ናቸው።

ስለ ሁለቱ ቱቦዎችም ሕዝቡ የሰጠን ምስል ከተርጓሚዎቻችን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ተርጓሚዎች «ድርብ አፈሙዝ» ማለት ይወዳሉ። ድርብ ግን አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ ነው። ቱቦዎቹ ከላይና ከታች የሚሆኑበት ጠመንጃ በእርግጥ ስላለ፣ ድርብ የሚለው ለእርሱ ይቆይ። ጎን ለጎን ለሆኑት «ጥንድ» የሚለው ይስማማል፤ በሬ የሚያርሰው ጎን ለጎን ተጠምዶ ነውና የጋይንት ገበሬ ጥንድ ሲባል የትኛው በየት እንደሚቆም አይጠፋውም። አፈሙዝ ራሱ በጥብቅ ቢታይ የቱቦው አፍ እንጂ ሙሉው ቱቦ አይደለም፤ ከፊት ለሚያየው ሰው ግን የሚታየው አፉ ስለሆነ «ጥንድ አፈሙዝ» የሚለው ስም ያስኬዳል።

የመሣሪያ ስም በአማርኛ የሚፈጠርባቸው መንገዶች በመሠረቱ ሁለት ናቸው። አንዱ ከአሠራር፣ ከአያያዝ ወይም ከጠባይ ይነሣል። ሽጉጥ ከመሸጎጥ መጣ፤ አጎራረሱ የሚዘገየውን አሮጌ ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» ያለውም ተሳላቂ ጠላቱ እንዲታገሠው የሚለምነውን ተኳሽ አይቶ ነው። ሌላው የሠሪውን ወይም የአገሩን ስም በአማርኛ ድምፅ መለወጥ ነው። ስናድር፣ መውዜር፣ ቤልጅግ ከዚህ ወገን ናቸው። ውጅግራም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ማለትም ከግራ ጠመንጃ የወጣ ነው። (ስሙን ከጅግራ ጋር አዛምዶ የወፍ መምቻ ነው የሚል አይጠፋም። የግራ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ የእግረኛ ጦር መሣሪያ ነው፤ በአባይና በበሽሎ ሸለቆ አፋፍ ጅግራና ቆቅ ለመምታት የሚስማማው ወገበ ታጣፊው ነበር።) የባዕድ ከተማ ስም ለመሣሪያ መስጠት በዚሁ አገር የታወቀ ነው፤ በክራይሚያ ወደብ የተሰየመው ሴባስቶፖል ጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጎተተው በጋይንት በኩል በጨጨሆ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። ስሙ ከሠሪው ሊቀድም ስለማይችል ቃሉ ራሱ የዘመን ምልክት ነው። ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ስናድር ሊገኝ አይችልም፤ ጠመንጃው በእንግሊዝ ጦር የገባው በ1866 ነውና። የዳባዲ መዝገበ ቃላት በ1881 ቢታተምም ደራሲው በአገራችን የቆየው እስከ 1848 ስለሆነ የኅትመቱን ዓመት ብቻ አይቶ የቃሉን ዕድሜ መቁጠር ያሳስታል። ስናድር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የተሰማ መሣሪያ ነው፤ ውጅግራ ግን እ.ኤ.አ. ከ1874 በፊት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ አንድ ፉከራ የመቅደላ ዘመን ነው ተብሎ ውጅግራ ከተጠራበት፣ ወይ ፉከራው ወይ ቃሉ ኋላ የገባ ነው። «የጠመንጃ ዓይነት» የሚለው ፍች ይህን ሁሉ ከአንባቢው ይነፍገዋል።

ይሁን እንጂ በመሣሪያው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ሁሉ የሠሪ ስም አድርጎ መውሰድ አይገባም። በአደን ጠመንጃ አናት ላይ የሚታየው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሻጩ ነው። አገሩን የሚናገረው፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ተከፍቶ በቱቦዎቹ ሥር የሚገኘው የፍተሻ ማኅተም ነው። በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የተባሉት የላቲን ፊደላት ካሉ ቱቦው በቤልጅግ በሊዬዥ ከተማ ተፈትኗል፤ ከላዩ ዘውድ ካለበት እ.ኤ.አ. ከ1893 ወዲህ ነው። ቃል ሰብሳቢው ስሙን ብቻ ሳይሆን ይህንንም በካርዱ ላይ ቢገለብጥ መልካም ነው።

ይበልጥ የሚያስፈራው ግን የቁጥሩ ትርጉም ነው። «12» የሚል የአደን ጠመንጃ «12 ሚሊ ሜትር» ተብሎ ተተርጉሞ ማየት እንግዳ አይደለም። ቁጥሩ የሚያመለክተው የቱቦውን ውስጥ የሚሞሉ ስንት የእርሳስ ድቡልቡሎች አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ያህል እንደሚመዝኑ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ቱቦው ይጠብባል፦ 12 የሚባለው 18.5 ሚሊ ሜትር፣ 16 የሚባለው 16.8፣ 20 የሚባለው 15.6 ያህል ነው። በወገበ ታጣፊዎች ላይ የሚዘወተረው 410 ደግሞ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ ቆጠራ ሳይሆን የኢንች ሺሕኛ ነው፤ 10.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፈረንሳይኛ ለሁለቱም አቈጣጠር «ካሊበር» ስለሚል ከእርሱ የሚተረጉም ሰው በተለይ ይሰናከላል። ካሊበርን በሚሊ ሜትርና በኢንች ለሚለካው ብቻ ትተን ይህን «ልክ» ብንለው ይሻላል፤ «ቁጥር» እንዳንል የእርሳሱ ጠጠሮች መጠንም በቁጥር ይጠራል። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። የልክ 20 ጥይት በልክ 12 ቱቦ ውስጥ ቢገባ ወደ ፊት ተንሸራቶ ይቀረቀራል፤ ተኳሹ ባዶ መስሎት ከኋላው የልክ 12 ቢያጎርስና ቢተኩስ ቱቦው በእጁ ላይ ይፈነዳል።

እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ ፍቹን እንዲህ ማቅረብ ይቻላል፦ «ወገበ ታጣፊ፤ (ስ.) ቱቦና ሰደፉ በማጠፊያ የተገናኘ፣ በማጠፊያው ተከፍቶ የሚጎርስና ሙሉ በሙሉ በሁለት የሚታጠፍ የአደን ጠመንጃ፤ ነጠላ ወይም ጥንድ አፈሙዝ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ልሙጥ ሆኖ ብትን እርሳስ ይተኩሳል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፦ ታጣፊ። ከሰደፈ ታጣፊ ጋር አያምታቱ።» ከተለመደው ፍች ይረዝማል፤ ቢሆንም መሣሪያውን አይቶ የማያውቅ ሰው በዚህ ይለየዋል።

አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ አለ። ጣት የሚስበውን ክፍል አንዱ ቃታ፣ ሌላው ምላጭ ይለዋል። ነጠላ ቱቦ ባለው ጠመንጃ ልዩነቱ ብዙም አያውክም። ጥንድ አፈሙዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መሳቢያ አለው፤ አንዱ የቀኙን፣ ሌላው የግራውን ቱቦ ይተኩሳል። በትርጉም ላይ «ቃታና ምላጭ» ተብሎ ከተጻፈ አንባቢው ሁለቱን መሳቢያዎች ይሁን ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አያውቅም። በሦስቱ አካባቢዎች ለየትኛው ክፍል የትኛው ቃል እንደሚነገር መሣሪያውን በእጅ ይዞ፣ ክፍሉን በጣት እያሳዩ ጠይቆ መመዝገብ ያስፈልጋል።