ስቴቶስኮፑ ከተሰቀለ በኋላ

ግዳጅ ላይ ያለ የጦር ሐኪም ቀኑ ሁለት ነው፤ ክሊኒኩ የተከፈተበትና የተዘጋበት። ስለ መጀመሪያው ሥልጠናም መመሪያም ሞልቷል። የተባበሩት መንግሥታት ለሰላም አስከባሪ ኃይሎች ያወጣው መስፈርት፣ አንደኛ ደረጃ የሚባለው የካምፕ ክሊኒክ በቀን 20 ተመላላሽ ሕመምተኛ እንዲያይ፣ 5 ሰው ለ2 ቀን አስተኝቶ እንዲያክም፣ የ60 ቀን መድኃኒትና ቁሳቁስ ይዞ እንዲገኝ ይጠይቃል። ስለ ሁለተኛው ክፍል፣ ሐኪሙ ጋውኑን ሰቅሎ ከወጣ በኋላ ስላለው ሰዓት ግን፣ የሚባለው «ዕረፍት» የምትል አንዲት ቃል ናት። እኔ የምከራከረው ለዚያ ሰዓት ነው። ሐኪሙ ከተራው ውጪ ከወታደሩ ጋር የሚቀመጥበት ጊዜ፣ ቡናው፣ የልብስ አጠባው ቦታ፣ የመረብ ኳስ ሜዳው ዳር፣ የሙያው አካል ነው። የሙያው አካል ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም የሙያ ክፍል ሊሠለጠንበት፣ በተራ ሰሌዳ ላይ ቦታ ሊሰጠው፣ ድንበርም ሊበጅለት ይገባል።

ለምን ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ የሚጀምረው ወታደርን ከግዳጅ የሚያስወጣው ምን እንደሆነ ከመቁጠር ነው። ስሙ የሚገነው ጥይት ቢሆንም አልጋ የሚሞላው በሽታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበርማ ግንባር የተዋጋው እንግሊዛዊው ጄኔራል ዊሊያም ስሊም እንደጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ቆስሎ ወደ ኋላ ለሚላክ 1 ወታደር 120 ወታደር ታሞ ይላክ ነበር። ከበሽታዎቹ ግንባር ቀደሟ ወባ ነበረች። ስሊም የወሰደው እርምጃ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ በድንገት ወታደሮቹን እያስመረመረ፣ የመከላከያ ኪኒኑን የዋጡት ከ95 በመቶ በታች ሆነው የተገኙበትን አዛዥ ከቦታው ያነሳ ነበር። ሦስት አዛዦች ከተነሱ በኋላ የቀሩት ነገሩ ገባቸው። ይህን ታሪክ አዘውትረን የምንጠቅሰው ለትእዛዝ ጥንካሬ ማስረጃ አድርገን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከትእዛዙ በፊት የነበረው ሁኔታ ነው። ኪኒኑ ነበረ፣ ሐኪሙም ነበረ፣ ብዙው ወታደር ግን አይውጠውም ነበር። በዚያ ጦርነት ዘመን ሜፓክሪን የተባለው ያ ኪኒን ቆዳን ቢጫ ያደርግ ስለነበር በየግንባሩ ወንድነትን ያደክማል የሚል ወሬ ተነዝቶበት ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ካርድ አውጥቶ ወረፋ ይዞ ወደ ክሊኒክ አይመጣም። የሚወራው ምሽት ላይ፣ ጓደኛ ለጓደኛ፣ ሐኪሙ በሌለበት ነው።

ለእኛ ሠራዊት ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በአገራችን ወባ በአመዛኙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው፤ ከዚያ በላይ ያደገ ሰው ሰውነቱ አይለምዳትም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው ወረርሽኝ ከፍ ወዳሉ ቦታዎች ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል፤ የከፋውም ያልለመዳትን ሕዝብ በማግኘቱ ነው። አንድ የደጋ ልጅ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ወደሚወዛገቡባት አብዬ ሲዘምት ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሆናል፤ ወባዋ አትወጣም፣ እሱ ይወርዳል። ሰኔ 2003 ዓ.ም. በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ከተቋቋመ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የአብዬ ሰላም አስከባሪ ኃይል ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያዊ ነበር። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ውኃው ይተኛል፣ ትንኙ ይፈላል። እንዲህ ባለ ቦታ ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጦ ቢጠብቅ የሚያገኘው በሽታው ከገባ በኋላ ያለውን ነው።

ካምፕ ውስጥ ቡና የሚፈላው አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነው። ከኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ከሰል ይቀጣጠላል፤ ባዶ ሳጥን ይገለበጥና ረከቦት ይሆናል፤ አንዱ ጀሪካን ላይ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ዓይኑን የገለጠ ሐኪም እዚያ የሚያየው ብዙ ነው። ቀኑን 40 ዲግሪ በዋለበት ቦታ ሹራብ ደርቦ ወደ ከሰሉ የሚጠጋ ልጅ፣ ስኒውንም ሊሞቀው ፈልጎ በሁለት እጁ የሚያቅፍ፣ ንዳዱ ከመነሳቱ በፊት ያለው ብርድ ይዞት ይሆናል። ሁሉም ጫማ አውልቆ ሲቀመጥ እሱ ብቻ ያላወለቀ፣ የእግሩ ጣቶች መሐል ተልጦ ሽታው አሳፍሮት ሊሆን ይችላል። አቦሉን ጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ መጸዳጃው የተመላለሰ ሰው ካለ፣ ነገ የውኃ ጋኑንና ማዕድ ቤቱን ማየት ያስፈልጋል። ሰውን ሁሉ ሲያስቅ የሚያመሸው ድንገት ዝም ካለ፣ ከቤት ስልክ መጥቶለት እንደሆነ ጓደኞቹ ያውቃሉ፤ ሳይጠየቁም ይናገራሉ። ይህ ሁሉ በምርመራ ክፍል አይታይም። እዚያ ወታደሩ የሚገባው ልብሱን አስተካክሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ መልሱን አዘጋጅቶ ነው። «ደህና ነኝ ዶክተር» ይላል፤ አባባሉም ከልቡ ነው፤ ደህና መሆን የእሱ ግዴታ እንደሆነ ተምሯልና።

በኪኒኑ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክርክሬ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ስለሆነ። ለወባ መከላከያ ከሚሰጡት አንዱ ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ከምግብ ጋርና በብዙ ውኃ ካልተዋጠ ያቅለሸልሻል፤ በጥቂት ውኃ ከተዋጠ ጉሮሮን እስከ መላጥ ይደርሳል። አሁን ኪኒኑ በጠዋት ሰልፍ የሚታደልበትን ካምፕ እናስብ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ከሰልፉ ግማሹ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ወይም ረመዳን ነው፤ ሌላው ክፍል ጀንበር እስክትጠልቅ ውኃም አይጠጣም። ወታደሩ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል፣ ትእዛዝ አይጥስም፣ ኪኒኑ ግን ኪሱ ይገባል። የመድኃኒት ቤቱ መዝገብ መቶ በመቶ ታደለ ይላል። ወባው ሲበዛ ሐኪሙ መድኃኒቱ ኃይሉን አጥቷል ብሎ ይጠረጥራል፣ አዛዡ ወታደሩ ደካማ ነው ይላል። እውነቱን የሚያውቀው ቡና ላይ የተቀመጠው ሁሉ ነው። መፍትሔውም የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ እደላውን ወደ ማታ፣ ከራት በኋላ ማዛወር። ሜፍሎኩዊን ደግሞ በሳምንት አንዴ ስለሚዋጥ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን አንዳንዱን ሰው ክፉ ቅዠትና ጭንቀት ያመጣበታል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ከሚሰጣቸው ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ጠንካራውን ያወጣበት በዚሁ ምክንያት ነው። መሣሪያ የታጠቀ ዘብ «እየቃዠሁ ነው» ብሎ ክሊኒክ አይመጣም፤ አእምሮው ተነካ ይሉኛል፣ መሣሪያዬን ይነጥቁኛል ብሎ ይፈራል። ጠበል ናፍቆት ይሆናል፣ ጸሎት ያበዛ ይሆናል። ለጓደኛው ግን ያወራል። ሐኪሙ ሰኞ ከታደለው ኪኒንና ማክሰኞ ሌሊት ከመጣው ቅዠት መካከል ያለውን ክር የሚያገኘው ወሬው ከሚወራበት ቦታ ከተገኘ ብቻ ነው።

ይህ የድሮ ዘመን ናፍቆት ነው የሚል ባለሙያ አለ። ዛሬ ፈጣን የወባ መመርመሪያ አለ፣ ዕለታዊ የሕሙማን ሪፖርት አለ፣ ሩቅ ያለን ስፔሻሊስት በስልክ ማማከር ይቻላል፤ ሐኪም ከሰል ዳር ምን ያደርጋል ይላል። መመርመሪያው በእውነት ትልቅ ነገር ነው፤ ከአንዲት ጠብታ ደም በ20 ደቂቃ ገደማ መልስ ይሰጣል። መልስ የሚሰጠው ግን ለተዘረጋ ጣት ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ሕክምና ካላገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገር እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠነቅቃል። ማታ 12 ሰዓት ከሰሉ ዳር ብርድ ከያዘው ልጅ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የሕሙማን ሰልፍ ድረስ የሚያልፈው የዚህ ጊዜ ግማሽ ነው። ከሰሉ ዳር የተቀመጠው ሐኪም ያን ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከራሱ ከሐኪሙ ወገን የሚመጣው ነው። ሰዓቱ ሁሉ ሥራ ከሆነ መቼ ያርፋል? ይህን በቀላሉ የሚያልፍ ሰው የሌሊት ተራ ያልወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው እጁና ሐሳቡ የሚሠሩት በደሙ 0.10 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ረጅም ተራ የሚወጡ ተለማማጅ ሐኪሞች፣ ተራቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስሕተት እንደሠሩ አሳይቷል። ግዳጅ ላይ ያለ ሐኪም ደግሞ ቢሳሳት የሚያርምለት ከአጠገቡ የለም። ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም. በአብዬ ክልል የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች ተሽከርካሪ ፈንጂ ሲረግጥ አንዱ ወዲያው ሞተ፤ ሦስቱ የሞቱት የሚያነሳቸው ሄሊኮፕተር የበረራ ፈቃድ ዘግይቶበት ሲጠባበቁ ነው። ሄሊኮፕተር በማይደርስበት ሰዓት ቦታው ላይ ያለው ሐኪም የሆስፒታሉን ሁሉ ሥራ ይሸከማል። እንቅልፍ የራቀው እጅ ይህን አይችልም። ስለዚህ እንቅልፍ ከቡናም ይቀድማል እላለሁ፤ ክርክሬም የሚፈርስ አይመስለኝም። የምጠይቀው ሐኪሙ ከእንቅልፉ ቆርሶ እንዲሰጥ አይደለም። አብዛኛው ሐኪም ከተራው ውጪ ያለውን የንቃት ሰዓት ክፍሉን ዘግቶ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣ ከአገር ቤት ዜና ጋር ሲጨነቅ ያሳልፈዋል፤ ይህም አያሳርፍም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሻለቃ ሐኪም የነበረው ሎርድ ሞራን እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፉ ድፍረትን በባንክ እንዳለ ገንዘብ ቆጥሮታል፤ ወጪ በበዛ ቁጥር ያልቃል። የሐኪሙም ሒሳብ እንደዚያው ነው፤ ገቢ የሚያስገባለት ደግሞ በአብዛኛው የሰው ወሬና ሳቅ ነው።

የማዕረግና የምስጢር ጥያቄም አለ። ሐኪሙ መኮንን ነው፤ እሱ ሲቀመጥ ወታደሩ ወሬውን ይቆርጣል፤ የሰማውን ከተጠቀመበት ደግሞ ሰላይ ይሆናል። አደጋው እውነት ነው፤ መድኃኒቱም ጥብቅ ልማድ ነው። እስከ ጠዋት ከማይቆይ ነገር በቀር ቡና ላይ ምርመራ የለም፣ ምክር የለም፣ ማስታወሻ ደብተርም አይወጣም። የሰማውን ስም ይዞ ወደ አዛዡ አይሄድም፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር። የሚያስተካክለው ነገር ሲኖር ስም ሳይጠራ ሥርዓቱን ያስተካክላል፤ የኪኒኑን ሰዓት፣ የጋኑን ክሎሪን፣ አየር የማያስገባውን የአጎበር አሰቃቀል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የሕክምና ሥነ ምግባር በጦርነት ጊዜም ከሰላሙ ጊዜ የተለየ አይደለም ይላል፤ የከሰሉ ዳር ከዚህ ውጪ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ወታደሩ ይህን ለማመን ወራት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ከተከዳ ግን የአንድ ዓመት ግዳጅ አይበቃም፤ ምስጢር ከሚያወጣ ሐኪም ክፍሉን የሚዘጋው ይሻላል።

በመጨረሻ የምፈራውን ተቃውሞ ላንሳ። ትናንት ቡና አብሮ የጠጣውን ልጅ ዛሬ ደሙ እየፈሰሰ ቢያመጡለትስ? ሐኪም ቤተሰቡን አያክምም የሚባለው እኮ በከንቱ አይደለም። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም፤ ዋጋው ይከፈላል። እጅን የሚያጸናው ግን ባዕድነት ነው ብዬ አላምንም፤ በልምምድ የተደጋገመ ቅደም ተከተል ነው። ደሙን አቁም፣ የአየር መተላለፊያውን ክፈት፣ ትንፋሹን እይ። መቀራረብ የሚያመጣው ጭንቀትም አንዳንዴ ዓይን ይከፍታል። ፈረንሳዊው የጦር ቀዶ ሐኪም አምብሩዋዝ ፓሬ እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ፣ የጥይት ቁስል የሚተኮስበት የፈላ ዘይት አለቀበትና የቀሩትን ቁስለኞች በእንቁላል አስኳል፣ በጽጌረዳ ዘይትና በተርፔንታይን ቅልቅል ቀባቸው። ሰዎቹ ያድሩ ይሆን ብሎ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሄደ። ቅልቅሉ የተቀቡት ተኝተዋል፤ በዘይት የተተኮሱት በትኩሳትና በእብጠት ይሰቃያሉ። ተራው ባልሆነ ሰዓት ስለ ሰው ተጨንቆ መነሳቱ የቁስል ሕክምናን መንገድ ለወጠ። በእርግጥ የአንድ ሌሊት ጭንቀት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የሚያድር ሐኪም ራሱ ሕመምተኛ ይሆናል።

ለዚህም ነው ነገሩ ለሐኪሙ ደግነት ብቻ ሊተው የማይገባው። ሁለት ሐኪም ባለበት ክሊኒክ ሬዲዮውን አንዱ ሲይዝ ሌላው በእርግጥ ነፃ መሆኑ በተራ ሰሌዳው ላይ በስም ይጻፍ። ሐኪሙ አንድ ብቻ ከሆነ የሌሊቱን የመጀመሪያ ጥሪ ጤና መኮንኑ ወይም ነርሱ ይቀበል፤ ሐኪሙ የሚቀሰቀስባቸው ምልክቶችም ተዘርዝረው በሩ ላይ ይለጠፉ። አዛዡ ሐኪሙን ቡና ላይ ሲያየው ሥራ እንደፈታ አይቁጠርበት። ወደ ግዳጅ ከመሄዱ በፊት በሚሰጠው ሥልጠና ደግሞ ቁስል ማሰር ከሚማርበት ሰዓት ጎን፣ ሳይጠይቁ ማየትን፣ የሰሙትን ይዞ ዝም ማለትን፣ በረካው ሳይቀዳ መነሳትንም የሚማርበት ሰዓት ይኑረው፤ መኮንኑ ከሄደ በኋላ ወታደሮቹ ለራሳቸው የሚያወሩት ወሬ አላቸው።