ከ«ሃድ ቢን» በፊት የሚመጣ ጥያቄ

«ፓስት ፐርፌክት ኮንቲኒየስ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ ቀመሩን ይቀድሙኛል፦ ሃድ፣ ቢን፣ ከዚያ ግሱ ላይ «አይ ኤን ጂ»። እውነትም ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን «ሃድ» አይለወጥም። ለፈተና ደግሞ ምልክት ማደን ተምረዋል፤ «ፎር» ወይም «ባይ ዘ ታይም» ካዩ መልሱን ያከብባሉ፣ ብዙ ጊዜም ያገኙታል። ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ግን ያው ቅርጽ ወይ ጭራሽ ይጠፋል፣ ወይ በየመስመሩ ይፈስሳል።

ስለዚህ ከቀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ተራኪው የቆመው የት ላይ ነው? ፈላስፋው ሃንስ ራይኸንባኽ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ ለግስ ጊዜ ሦስት ነጥቦች አበጅቶ ነበር፦ የሚነገርበት፣ ድርጊቱ የሆነበት፣ ነገሩ የሚታይበት። የእኛ ጣጣ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

አንድ ሰው ጠዋት በሩን ከፈተ እንበል። ሰማዩ ጠርቷል፣ ግቢው ግን ጨቅይቷል። «ኢት ሃድ ቢን ሬይኒንግ።» በሩ ሲከፈት ዝናቡ የለም፤ ያለው ጭቃው ነው። «ኢት ዎዝ ሬይኒንግ» ካልን ግን ሰውየው ጃንጥላውን ሊያመጣ ይመለሳል። በአማርኛ «ሲዘንብ ነበር» ለሁለቱም ስለሚያገለግል፣ ተማሪው ልዩነቱን ካላየው አልፈርድበትም።

ሁለተኛው መንታ መንገድ ከቀላሉ «ፓስት ፐርፌክት» ጋር ነው። ሴትዮዋ ሦስት ደብዳቤ ጽፋ ከጨረሰች «ሃድ ሪትን»፤ ጣቷ በቀለም የተለወሰው ስትጽፍ ቆይታ ከሆነ «ሃድ ቢን ራይቲንግ»። ውጤት ከቆጠርን አጭሩ፣ ድካሙን ካሳየን ረጅሙ። ምልክት አዳኙ የሚወድቀው ደግሞ እንደ «ኖው» ያሉ፣ ድርጊት ሳይሆን ሁኔታ የሚገልጹ ግሶች ላይ ነው፦ ሃያ ዓመት የቆየ ትውውቅ እንኳ «ሃድ ኖውን» ነው፤ «ፎር» አጠገቡ መኖሩ አያድነውም። ተደራጊውን፣ «ሃድ ቢን ቢይንግ» የሚለውን፣ ሰዋስው ቢፈቅደውም አላስተምረውም። ጆሮ ይጠላዋል።

የሚያሳስበኝ መብዛቱ ነው። ቡና ስለምትሸጥ ሴት የሚጽፍ ተማሪ «ሺ ሃድ ቢን ሰሊንግ ኮፊ ፎር ይርስ» ብሎ አንዴ ወደ ኋላ ከወሰደን፣ ቀጥሎ «ሺ ሮዝ ኧርሊ፣ ሊት ዘ ፋየር» ብሎ በተራው ኃላፊ ጊዜ መተረክ ይችላል። አንባቢ የት እንዳለ ያውቃል፤ በየዓረፍተ ነገሩ ማስታወስ ያሰለቸዋል።

ድርሰት ሳርም ከእያንዳንዱ «ሃድ ቢን» ሥር አሰምርና የተደገፈበትን ኃላፊ ግስ አሳየኝ እላለሁ። ከሌለ ይሰረዛል። ልቦለድ ጸሐፊዎች ግን አንዳንዴ ሆን ብለው ታሪኩን በዚሁ ቅርጽ ይከፍቱታል፤ አንባቢው ምን ሊመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል። ጎበዝ ተማሪ ይህን ሲሞክር አልከለክለውም፤ የምጠይቀው የሚጠበቀው ነገር ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንዲደርስ ብቻ ነው።