ሃምሳ ሎሚ ያልሆነ ሸክም



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውንም እንዲሁ። በአገራችን አዝመራው የሚሰበሰበው በደቦ፣ ቀብሩ የሚፈጸመው በእድር፣ ገንዘቡ የሚጠራቀመው በዕቁብ ነውና ብዙ ከሆንን ሥራው ይቀልልናል ማለት ከልጅነታችን ጀምሮ የኖርንበት እምነት ነው። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የወደድኩት መጽሐፍ ግን ይህ ምሳሌ የማይሠራበት ሥራ መኖሩን ያስረዳል። ሥራው ከመካከላችን ብዙዎች በስደት አገር ጥረው ግረው የሚኖሩበት፣ አንዳንዶችም ከዘመድ ወዳጅ ገንዘብ ሰብስበው ድርጅት የሚያቋቁሙበት የሶፍትዌር ሥራ ነው።

መጽሐፉ «ዘ ሚቲካል ማን-መንዝ» ይባላል፤ በአማርኛ «ተረት የሆነው የሰው-ወር» እንደ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ በ1995 አዳዲስ ምዕራፎች ተጨምረውበት እንደገና ወጥቷል። ደራሲው በ2022 በ91 ዓመታቸው ያረፉት አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ብሩክስ ናቸው። ብሩክስ አይ.ቢ.ኤም. በ1964 ይፋ ያደረገውን ሲስተም 360 የተባለ የኮምፒዩተር ቤተሰብ፣ ቀጥሎም ኮምፒዩተሮቹ የሚመሩበትን ኦ.ኤስ. 360 የተባለ ፕሮግራም ሥራ በኃላፊነት መርተዋል። በፕሮግራሙ ላይ ሥራው በበረታበት ወቅት ከ1,000 በላይ ሰዎች ተሰማርተውበት ነበር። ይሁንና ከተቀጠረለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ብሩክስ ኩባንያውን ሲለቁ አለቃው ቶማስ ዋትሰን ልጁ፣ ሶፍትዌርን መምራት ማሽኑን ከመሥራት ይልቅ ለምን እንደሚከብድ ጠየቋቸው። መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። ሥራ አስኪያጆች ሥራን በ«ሰው-ወር» ይለካሉ፤ 12 ሰው-ወር ሲባል አንድ ሰው በ12 ወር፣ 12 ሰዎችም በአንድ ወር የሚጨርሱት ይመስላቸዋል። ብሩክስ ይህን ነው ተረት የሚሉት። አጨዳ ይከፋፈላል፤ ሃምሳ ሎሚም ይከፋፈላል፤ ምክንያቱም የእኔ ሎሚ ከእናንተ ሎሚ ጋር የሚነጋገረው ነገር የለም። የፕሮግራም ክፍሎች ግን እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸውና የሚሠሯቸው ሰዎችም መነጋገር ግዴታቸው ነው። ሦስት ሰዎች በጥንድ በጥንድ ቢነጋገሩ 3 መስመር ይበቃል። አምስት ሲሆኑ 10፣ አሥር ሲሆኑ 45፣ ሃምሳ ሲሆኑ ደግሞ 1,225 መስመር ይሆናል። ሥራው በዘገየ ሰዓት አዲስ ሰው ሲጨመርማ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ሥራውን ትቶ አስተማሪ ይሆናል። ስለዚህ የዘገየው ባሰ ይዘገያል። ልጅ ለመውለድ ዘጠኝ ወር እንደሚያስፈልግና ሴቶችን በማብዛት እንደማያጥር ብሩክስ በምሳሌ ያስታውሱናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ድርጅት ለሚያቋቁሙ ወገኖቻችን በተለይ ይጠቅማል። ብሩክስ ጊዜውን እንዲህ ይደለድላሉ፦ ሲሶው ለዕቅድ፣ ስድስተኛው እጅ ፕሮግራሙን ለመጻፍ፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ለመፈተንና ስህተት ለማረም። ልብ በሉ፤ ሰው ሁሉ «ሥራ» ብሎ የሚጠራው መጻፉ ከሁሉ ያነሰውን ጊዜ ነው የያዘው። ለፈተና ጊዜ ያልመደበ ድርጅት መዘግየቱን የሚያውቀው በመጨረሻው ሰዓት፣ ለደንበኛ ቃል ከገባና ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው ለዚህ ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ውበት ግን ሐቀኝነቱ ይመስለኛል። ብሩክስ የራሳቸውን ውድቀት አይሸሽጉም። የኦ.ኤስ. 360 ዝርዝር ንድፍ መጻፍ ሲኖርበት አንደኛው ኃላፊ 10 ጥሩ ሰዎች እንዳሉትና በ10 ወር በሚገባ እንደሚጽፉት አስረዳ፤ ይህም ከተቀጠረው ቀን በ3 ወር ያልፋል። ሁለተኛው ኃላፊ 150 ሰዎች ነበሩት፤ በቀኑ እንደሚያደርስ፣ ሥራው ለሌላው ከተሰጠ ግን ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው እንደሚቀመጡ ተናገረ። ብሩክስ ለ150ዎቹ ሰጡ። እሱም ያው 3 ወር ዘገየ፤ በዚያ ላይ ጥራቱ እጅግ ያነሰ ሆነ። ስህተቱን ለማረም ብቻ አንድ ዓመት ያህል እንደጨመረ ራሳቸው ይገምታሉ። አለቃ ሆኖ እንዲህ ያለውን ነገር በስሙ ጽፎ ያሳተመ ስንት ሰው እናውቃለን?

ይህ ሁሉ ምስጋና እንዳለ ሆኖ፣ መጽሐፉ የማይነቀፍበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። ብሩክስ ከዚያ ውድቀት የተማሩት ንድፉ ከአንድ ወይም ከጥቂት አእምሮ መውጣት እንዳለበት ነው፤ አንዱ እንደ ቀዶ ሐኪም ይቆርጣል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ሆነው ይረዱታል ይላሉ። የአሠራሩ አንድ ወጥነት ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ምክር በእኛ እጅ ሲገባ ሊጠም ይችላል። አለቃ የሚፈራበት፣ ታናሽ በታላቁ ፊት የማይናገርበት ልማድ ይዘን ለመጣን ሰዎች፣ «አንድ ሰው ይወስን» ማለት «ሌላው ዝም ይበል» ወደ ማለት በቀላሉ ይለወጣል። ስህተቱን ያየው ወጣት ዝም ካለ ደግሞ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የራሳችን ፊደል ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በአገር ቤትም በውጭም ያሉ ባለሙያዎች የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ ደክመው ብዙ ፕሮግራሞችን ሠርተዋል። እያንዳንዱ በራሱ ወጥ ነበር፤ እንደ ብሩክስ ምክር ከጥቂት አእምሮ የወጣ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም እያንዳንዱ ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ስለሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። መፍትሔው የመጣው በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር ሲሰጥ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ የፊደል ቅርጽ፣ ሌላው የአጻጻፍ ዘዴ እንደ ፍላጎቱ ይሠራል፤ የሚገናኙበት ቦታ ግን አንድ ነው። ዴቪድ ፓርናስ የተባሉ ምሁር በ1972 ያስተማሩት ይህንኑ የሚመስል ነበር፦ መገናኛው በግልጽ ይወሰን፣ የየክፍሉ ውስጥ ግን ለባለቤቱ ይተው። ብሩክስ በ1975 ይህን ሐሳብ ተቃውመው ነበር፤ በ1995 እትም ግን ፓርናስ ትክክል እንደነበሩና የተሳሳቱት እሳቸው እንደሆኑ በግልጽ ጽፈዋል። ስለዚህ መጽሐፉን የሚያነብ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ሳያነብ እንዳያስቀምጠው አደራ እላለሁ።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ከኑሯችን ጋር የተያያዘ ነው። ብሩክስ ሥራ መሪ በማይቻል ቀን መስማማት እንደሌለበት፣ ግምቱን በድፍረት መከላከል እንዳለበት ይመክራሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ምክሩ «አይሆንም» ብሎ ማታ ቤቱ በሰላም ለሚገባ ሰው የተጻፈ ነው። በአሜሪካ በኤች-1ቢ ቪዛ የሚሠራ ሰው ሥራውን ቢያጣ ሌላ አሠሪ እንዲፈልግ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው ቢበዛ 60 ቀን ነው። በዓረብ አገሮች ያሉት ወገኖቻችንም የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአብዛኛው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በስብሰባ ላይ «ይደርሳል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አፉ «አዎ» ቢል፣ ፈሪ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። መጽሐፉ ስለዚህ አንዳች አይናገርም። እኔ ግን በመካከላችን ቡድን ለሚመሩ ሁሉ የምለው አለ፦ «አይሆንም» የሚል ሠራተኛ እንዳይጎዳ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። መጥፎ ወሬ ለሚያመጣላችሁ ሰው ፊታችሁን ካጠቆራችሁ፣ ሁለተኛ አያመጣላችሁም።

ከዘመድ ገንዘብ ሰብስባችሁ ለጀመራችሁትም እንዲሁ። ሥራው ሲዘገይ የአጎት ልጅ እየጨመሩ፣ ሌሊቱን ቡና እየጠጡ መግፋት ደግነትና ወኔ ሊመስል ይችላል። ብሩክስ የሚያሳዩት መንገድ ሁለት ነው፦ ቀኑን በቂ አድርጎ እንደገና መቁረጥ፣ ወይም ሥራውን መቀነስ። ሁለቱም ገንዘብ ላዋጣው ሰው ፊት ቀርቦ እውነቱን መናገርን ይጠይቃሉ። አክስት ለልጇ ትምህርት ያስቀመጠችውን ያዋጣች እንደሆነ፣ መዘግየቱን ከማንም በፊት መስማት ያለባት እሷ ናት።

መጽሐፉ አጭር ነው፤ እንግሊዝኛውም አይከብድም። ጊዜ የሌለው ሰው ሁለተኛውን ምዕራፍና ስለ ባቢሎን ግንብ የሚናገረውን ሰባተኛውን ምዕራፍ ቢያነብ ብዙ ይጠቀማል። ግንቡን የሚሠሩት ሰዎች ጉልበትም ጡብም ጊዜም ነበራቸው፤ ያጡት መግባባትን ነበር። እኛ ደግሞ በአንድ ቋንቋ እየተናገርን እንኳ የማንግባባበት ጊዜ እንዳለ ከማኅበሮቻችን ስብሰባ እናውቀዋለን። ድርጅት ልትመሠርቱ ያሰባችሁ ሁሉ፣ አንደኛውን ሠራተኛ ከመቅጠራችሁ በፊት መጽሐፉን አንብቡት፤ ከባልንጀራችሁም ጋር ተወያዩበት።