ከጠርሙሱ በፊት እጅ ነበረ፦ በህንድ ባህላዊ የፀጉር እንክብካቤ ላይ የቀረበ ሂስ

«ሻምፖ» ሲባል ዛሬ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው በመታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ የቆመ ጠርሙስ ነው። የቃሉ ትውልድ ግን ከጠርሙስ ጋር አይገናኝም። ምንጩ «ቻምፕና» የተሰኘው የሂንዲ ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙም መጫን፣ ማሸት ማለት ነው። በሰሜን ህንድ ራስን በዘይት ማሸት እስከ ዛሬ ድረስ «ቻምፒ» ይባላል።

ቃሉን ለእንግሊዝ ኅብረተሰብ ካስተዋወቁት ሰዎች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው በ1759 በፓትና ከተማ የተወለደው ሼክ ዲን መሐመድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ያገለገለው ይህ ሰው ወደ አየርላንድ ተሻግሮ በ1794 የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ። ኋላም በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በብራይተን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ከፍቶ ለሁለት ነገሥታት፣ ለጆርጅ አራተኛና ለዊልያም አራተኛ፣ የሻምፖ ሐኪም ሆኖ እስከ መሾም ደረሰ። በእርሱ ቤት ሻምፖ መደረግ ማለት በዕፅዋት እንፋሎት ከታጠኑ በኋላ በሠለጠነ እጅ መታሸት ነበር። ቃሉ ቀስ በቀስ ከመላው ሰውነት ወደ ራስ፣ ከማሸት ወደ ማጠብ፣ በመጨረሻም ከድርጊቱ ወደ ፈሳሹ ዞረ። ወደ አማርኛም የደረሰው ይኸው የመጨረሻው ትርጉሙ ብቻ ነው።

የቀድሞውን ትርጉም በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው የጉሩ ዱትን «ፕያሳ» የተሰኘ የ1957 ፊልም ይመልከት። ጆኒ ዎከር የተጫወተው ገጸ ባሕርይ በካልካታ ጎዳናዎች እየዞረ የአላፊ አግዳሚውን ራስ በዘይት የሚያሽ ምስኪን ሠራተኛ ነው። መሐመድ ራፊ ያዜመለት ዘፈን በህንድ ፊልም ወዳጆች ዘንድ ዛሬም አልተረሳም። ሰውየው የሚሸጠው ዘይቱን አይደለም፤ ዘይቱ ርካሽ ነው። የሚሸጠው የጣቶቹን ሙያ ነው።

ይህን ማስታወስ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በናይሮቢ፣ በሞምባሳ፣ በካምፓላና በዳሬሰላም ባሉ የህንዳውያን ሱቆች የሪታ፣ የሺካካይ፣ የአምላና የብሪንግራጅ ዱቄት በየከረጢቱ ተደርድሮ ይሸጣል። «ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» የሚለው ጥሪም ከህንዳውያን ቤት አልፎ የሌላውን ከተሜ ቤት ማንኳኳት ከጀመረ ሰንብቷል። ጥሪው በራሱ ክፋት የለውም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መነሣት ይኖርበታል። ለመሆኑ ወደ ቤታችን እየተመለሰ ያለው ሙያው ነው ወይስ የዕፅዋቱ ስም ብቻ?

ከጓዳው የተገኘ ዕውቀት

በቅድሚያ ሙያውን እንደሚገባው ማየት ተገቢ ነው። ሪታ የዛፍ ፍሬ ነው። ዘሩ ከውስጡ ወጥቶ ይጣልና ልጣጩ ሌሊቱን በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት ጥቂት ተፍልቶ በእጅ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ከዚያም በጨርቅ ይጠለላል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ቅባትና እድፍን ከፀጉር አላቅቆ ከውኃው ጋር እንዲሄድ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ሺካካይም በዚሁ መንገድ የሚሠራ የቆላ ቁጥቋጦ ፍሬ ነው። ቆባው ደርቆ ይፈጫል። አረፋው ከሪታ ያነሰ ቢሆንም ለፀጉር የሚራራ ነው ተብሎ ይመረጣል። በኬረላ የሂቢስከስ ቅጠል በውኃ ውስጥ ታሽቶ የሚወጣው ልጥልጥ ፈሳሽ ለመታጠቢያ ይውላል።

ከእነዚህ ጋር የሚገባው ሌላው እህል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ህንዶች «ሜቲ» የሚሉት አብሽ ነው። አብሽ አድሮ ሲረጥብ የሚያወጣውን ልጥልጥ ነገር የሚያውቅ ሁሉ፣ ያ ልጥልጥ በፀጉር ላይ ሲቀባ ፀጉሩ ለማበጠሪያ ለምን እንደሚገራ ለመረዳት አይቸገርም።

የሙያው ጫፍ ግን ዘይት አሠራሩ ላይ ይገኛል። ሻርንጋዳራ ሳምሂታ በተባለው የመካከለኛው ዘመን የሳንስክሪት የመድኃኒት መጽሐፍ የተመዘገበው ደንብ ለአንድ እጅ የተላቆጠ ዕፅ አራት እጅ ዘይት፣ ለዘይቱም አራት እጥፍ ማለትም ዐሥራ ስድስት እጅ ፈሳሽ ያዝዛል። ለፀጉር የሚሆነው የብሪንግራጅ ዘይት ሲሠራ ፈሳሹ ከእርጥቡ ተክል የተጨመቀው ጭማቂ፣ ዘይቱም ብዙውን ጊዜ የሰሊጥ ዘይት ነው። ሁሉም በአንድ ድስት ሆኖ ውኃው እስኪያልቅ ድረስ በዝግታ ይበስላል።

ውኃው ማለቁ በምን ይታወቃል? በሰዓት አይደለም። ከዝቃጩ ጥቂት ተወስዶ በሁለት ጣት መካከል ይጠቀለላል፤ እንደ ኩራዝ ክር ከተጠቀለለ አንድ ምልክት ነው። ያ ክር እሳት ውስጥ ሲጣል መንጣጣት የለበትም፤ ከተንጣጣ ውኃ አለበት ማለት ነው። ዘይት ሲበስል አረፋ ያነሣል፤ ቅቤ ሲነጠር ግን አረፋው ይሰክናል። ይህን ልዩነት ጥንታውያኑ ጽፈውታል። ቅቤ ያነጠረች ኢትዮጵያዊት እናትም ይህን ምልክት ከመጽሐፍ መማር አያስፈልጋትም። ድስቱ ዝም ሲል ታውቀዋለች። «ሙያ በልብ ነው» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

የጠፋው ፈተና

እንግዲህ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የአሠራር መመሪያ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ጉድለቱ ይታያል። «ሁለት ማንኪያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ዘይት፣ ጥቂት አፍልቶ ማጥለል» የሚለው መመሪያ የዕፅዋቱን ስም ጠብቆ ፈተናውን አውጥቶ ጥሎታል። ጣቱ የለም፣ ጆሮው የለም፣ እሳት ውስጥ የሚጣለው ክርም የለም። ትኩስ ዕፅ የተጨመረበትና ውኃው በቅጡ ያልወጣለት ዘይት ሳይውል ሳያድር ይበላሻል፤ በኃይለኛ እሳት የተቸኮለበትም ያርራል። ውኃ የሆነው የሪታ መታጠቢያም ቢሆን በየዕለቱ የሚሠራው አያቶች ሥራ ስለ ወደዱ አይደለም። ማቆያ ያልገባበት ፈሳሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚሸት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት በማስረጃ አሰጣጥ ላይ ይታያል። መመሪያዎቹ ለጥንቱ ሙያ ክብር ለመስጠት ሲሉ የላቦራቶሪ ቃላትን ይበደራሉ። «የአምላ ዘይት በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ስለሆነ ፀጉር ያበቅላል» የሚለው አባባል ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የአምላ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የታወቀ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቫይታሚን በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ሙቀትም ይጎዳዋል። ፍሬው በዘይት ተቀቅሎ ሲጠለል ቫይታሚኑ በዘይቱ ውስጥ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ የጠበበ ነው። ዘይቱ የሚወደድበት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ግን ምክንያቱ አይደለም። አንድን መልካም ነገር በሐሰት ምስክር ማስከበር ውሎ አድሮ ነገሩን ራሱን ያስነቅፈዋል።

በአንጻሩ ሊታመን የሚገባው ማስረጃ አለ። በ2003 በአንድ የኮስሞቲክስ ሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ፣ ፀጉር በመታጠብና በማበጠር ምክንያት የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናት ዘይት ብቻ እንደ ሆነ አሳይቷል። የኮኮናት ዘይት ወደ ፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ዘልቆ የመግባት ችሎታ አለው። ጥናቱን ያካሄዱት ባለሙያዎች የኮኮናት ዘይት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ እንደ ነበር አንባቢ ማወቅ ይገባዋል። ያም ሆኖ ግኝቱ አያቶች ከመታጠብ በፊት ዘይት የመቀባታቸውን ምክንያት ያስረዳል። ልብ መባል ያለበት ጥናቱ ዘይቱ ፀጉርን ከጉዳት ይጠብቃል አለ እንጂ ፀጉር ያበቅላል አለማለቱ ነው። ስለ ብሪንግራጅ ፀጉር አብቃይነት የሚጠቀሱትም ጥናቶች በአብዛኛው በአይጦች ላይ የተደረጉ ናቸው።

«ተፈጥሯዊ» ማለት «የማይጎዳ» ማለት አይደለም

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ጉድለት «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል እንደ ምሕረት ደብዳቤ መታየቱ ነው። የሪታ ውኃ ዓይን ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ያቃጥላል። የህንድ እናቶች የልጆቻቸውን ራስ ወደ ኋላ አዘንብለው የሚያጥቡት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ሂና በተፈጥሮው የሚሰጠው ቀለም ወደ ብርቱካንና ወደ ቀይ ያደላ ነው። ጥቁር የሚፈልጉ ህንዳውያን የኢንዲጎ ቅጠል ዱቄት ያስከትሉበታል። «ጥቁር ሂና» ተብሎ በፍጥነት የሚያጠቁር ዱቄት ግን ብዙውን ጊዜ ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ የፋብሪካ ቀለም የገባበት ሲሆን፣ ቆዳን እስከ ማቁሰል ይደርሳል። ንጹሑ ሂና ራሱ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ለሚያንሳቸው ሰዎች፣ በተለይም ለሕፃናት፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን በማፍረስ አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል በሕክምና ተመዝግቧል። ሂና በሠርግና በበዓል በሚወደድበት በዚህ ቀጠና ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

ከዚህም ሌላ መመሪያው የተጻፈው ለማን ፀጉር ነው የሚለው ጥያቄ አለ። ሪታና ሺካካይ የተለመዱት ባብዛኛው ሉጫ ወይም ዞማ በሆነ ረጅም ፀጉር ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ፀጉር የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባት እስከ ጫፉ ይወርዳል። በከርዳዳ ፀጉር ግን ቅባቱ በየጥቅልሉ ስለሚዘገይ ጫፉ ድሮውንም ደረቅ ነው። ለሉጫው የሚበቃ የሪታ እጥበት ከርዳዳውን ሊያደርቀውና ሊሰባብረው ይችላል። በኢትዮጵያ ሹሩባ ከመሠራቱ በፊት ለጋ ቅቤ የሚቀባው ለዚህ ፀጉር ጠባይ ከተገኘ ዕውቀት ነው። የሌላውን አገር ሙያ መቀበል የራስን ፀጉር ጠይቆ ሲሆን ያምራል።

የማን ጊዜ?

ሙያውን ማድነቅ ያለ አንድ ጥያቄ ካለፈ ደግሞ ሂሱ ጎደሎ ይሆናል። ፍሬውን የዘፈዘፈው፣ በወፍጮ ድንጋይ ላይ የፈጨው፣ በድስቱ አጠገብ የቆመው ማን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ምራት፣ ሴት ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ነበረች። የ«ፕያሳ»ው ዘይት አሺም ቢሆን ጉልበቱ ርካሽ ስለ ነበር እንጂ ሙያው ስለ ተከበረ አልነበረም ጎዳና ላይ የዋለው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሻምፖ በትናንሽ ከረጢቶች እየተሞላ በጥቂት ሳንቲም በህንድ መንደሮች ሲሸጥ ሴቶች በደስታ የተቀበሉት ተታለው ብቻ አይደለም። ከረጢቱ ለአንዲት ገበሬ ሴት የግማሽ ቀን እረፍት ነበረ። ዛሬ «የጥንቱ ትዕግሥት የት ሄደ?» እያለ የሚያለቅስ ሰው የዚያ ትዕግሥት ዋጋ በማን ትከሻ ላይ እንደ ነበረ አብሮ መናገር ይኖርበታል።

ቢሆንም ይህ ሙያውን ለመቅበር ምክንያት አይሆንም። ሥራው በአንዲት ሴት ላይ ብቻ ካልተጣለ፣ ማለትም ወንዱም ፍሬ ሲፈለፍል፣ ልጁም የእናቱን ራስ ሲያሽ፣ ያን ጊዜ ጠርሙሱ ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ይሰጣል። በታሚል ናዱ በዲፓቫሊ በዓል ንጋት የቤተሰቡ ታላቅ የሌሎቹን ራስ ዘይት ቀብቶ ወደ መታጠቢያ ይልካል። በዚያ ሰዓት ዘይቱ ከየት ተገዛ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ ሁሉ ጋር የሚዛመድ የቅርብ ምሳሌ እንዶድ ነው። እንዶድ እንደ ሪታ ሁሉ በሳፖኒኑ የሚያጥብ ፍሬ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ለዘመናት ልብስ አጥበውበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ለዓለም የተረፈው ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነበር። ልብስ የሚያነጣው ፍሬ ነፍስ ያለውን የሚገድል ኃይልም እንዳለው ያኔ ታየ። ሁለቱንም የገለጠው «ተፈጥሯዊ ነው» የሚል ምስክርነት ሳይሆን ቆሞ ማየት ነው።

የህንዱም ሙያ መመለስ ካለበት በዚሁ መንገድ ይመለስ። ዱቄቱን ከሱቅ የገዛ ሰው በከረጢቱ ላይ ከዕፁ ስም ሌላ የተጻፈ ነገር እንዳለ ያንብብ፤ ጥቂቱን በክንዱ ላይ ቀብቶ አንድ ቀን ይጠብቅ፤ ዘይቱን ሲያበስል ሰዓቱን ትቶ ድስቱን ያድምጥ፤ ከታጠበም በኋላ ፀጉሩ የሚነግረውን ይስማ። ፀጉሩ ደረቅኩ ካለው የመጽሐፉን ትእዛዝ ትቶ የፀጉሩን ይከተል። እንዲህ ያላደረገ ሰው ጠርሙሱን በከረጢት ለወጠ እንጂ ወደ ጥንቱ ሙያ አልተመለሰም።