የጭፈራ ፍቅር በሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት፦ ከሸዋ ሮቢት ሲታይ

ጭፈራን መውደድ ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ የተመቸ ጭብጥ ይመስላል። ዳሩ ግን ጭፈራ እንቅስቃሴ፣ ሥዕል ደግሞ እርጋታ ስለሆነ፣ ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው ጭፈራው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ግጭት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ግጭት ከባህል ባህል እንደሚለያይ፣ ልዩነቱን ያላጤነ መጽሐፍም ለይፋት ልጅ ባዕድ ሆኖ እንደሚቀር ለማሳየት እሞክራለሁ።

በውጭው ዓለም የታወቁ ሁለት ሥራዎችን እንመልከት። ካትሪን ሆላበርድ ጽፋው ሔለን ክሬግ በሣለችውና እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው «አንጀሊና ባለሪና» ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ጭፈራ ከመውደዷ የተነሣ የታዘዘችውን የምትዘነጋ አይጥ ናት፤ መፍትሔው የባሌ ትምህርት ቤት ይሆናል። በጃይልስ አንድሪያይ ተጽፎ በጋይ ፓርከር ሪስ በተሣለው «ቀጭኔዎች መደነስ አይችሉም» (እ.ኤ.አ. 1999) ደግሞ ጄራልድ በእንስሳቱ ይሣቅበትና ርቆ ይሄዳል፤ በጨረቃ ብርሃን የራሱን ዜማ ሲያገኝ ያላገጡበት ይደነቁበታል። የሁለቱም ድል የግል ነው፤ ሌላው ሁሉ ተመልካች ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስንመጣ ግን ይህ አወቃቀር አይሠራም። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሚጎራበቱበት በዚህ ቆላ፣ በሰርግ ክብ ውስጥ ተመልካች የሚባል ወገን የለም ማለት ይቻላል። አውራጅ ያወርዳል፣ ተቀባይ ይቀበላል፣ እጅ ያጨበጭባል፤ እስክስታ የሚወርደውም ፊት ለፊት ትከሻውን ከሚሰብቅ ጓደኛው ኃይል ያገኛል። ስለዚህ ጭፈራ ወዳዱ ልጅ ጥያቄው «ይደነቁብኝ ይሆን?» ሳይሆን «መሐል የምገባው መቼ ነው?» የሚል ነው። ያለ ሰርግ፣ ያለ በዓል የሚወዛወዝ ልጅ ይቆጡታል፤ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ዘፈንን በበጎ የማያይ ወላጅ አለ። ይህን ወላጅ ክፉ ገፀ ባሕርይ አድርጎ መሣል ግጭቱን ማርከስ ነው። ልጁ የሚወደውንም የሚያከብረውንም ይዞ ሲጨነቅ ነው ታሪክ የሚወለደው።

ሥዕሉም ከዚሁ ጋር ሊጣጣም ይገባዋል። ጭፈራ ሁሉ እግር ማንሣትና እጅ መዘርጋት አይደለም፤ የእኛው ትከሻ፣ አንገትና ደረት ላይ ያርፋል። ሠዓሊው ገጹን ለአጨብጫቢ እጆች ቢሰጥ፣ ደራሲውም አውራጁን በአንድ ገጽ፣ ተቀባዩን ገጹ ሲገለጥ ቢያመጣ፣ የሚያነበው ልጅ ራሱ ተቀባይ ይሆናል። የቃል ሀብታችን ለዚህ እንደሚመች ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 ተረትን በሥዕል መጽሐፍ ባቀረበበት «ቂሉ ማሞ» አሳይቶናል።

በእኔ እምነት ለዚህ ጭብጥ ከትርጉም ይልቅ ወጥ ሥራ ያስፈልገዋል። ልጁ በመጀመሪያ የጭፈራ መጽሐፉ ያደገበትን ክብ ካላገኘ፣ ጭፈራ የሌላ አገር ሀብት ነው ብሎ ያድጋል፤ ትከሻው የሚያውቀውንም ዓይኑ ይክደዋል።