ካታሎግ ሲዛወር ስሕተቱም አብሮ እንደሚዛወር፤ የመተማ ስም ምሳሌነት

ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ መዝገባቸውን የኩባንያ ንብረት ከሆነ ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉ ክፍት ወደ ሆነው ሲያዛውሩ፣ መዝገቡ ሳይጎድል ከገባ ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል። እኛ ይህን አስተያየት አንቀበለውም። ምክንያታችንንም በአንድ የቦታ ስም እናስረዳለን።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁት በመተማ ነው፤ የድንበሩም ከተማ መተማ ዮሐንስ ይባላል። በእንግሊዝኛ ከጻፉት ብዙዎቹ ግን ጦርነቱን የጋላባት ጦርነት ይሉታል፤ ጋላባት ዛሬ ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ከተማ ስም ነው። ከዚህም በላይ በሱዳን፣ በዓባይ ዳር ከሸንዲ አንጻር፣ መተማ የሚባል ሌላ ከተማ አለ። ጎርደንን ለማዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1885 የደረሰው ወደዚያኛው ነው።

እንግዲህ ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚያጠና ተማሪ «መተማ» ብሎ ቢፈልግ፣ የሚሻው መጽሐፍ በጋላባት ስም ተሸሽጎ ይቀርና ያልፈለገው የዓባይ ዳሩ ይመጣለታል። «ዮሐንስ»ን በሐመሩ ሐ ቢጽፍ፣ መዝጋቢው ደግሞ «ዮሃንስ» ብሎት ቢሆን፣ ደንብ ላልተሰጠው ኮምፒውተር ሁለቱ ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው።

በማዛወር ጊዜ ብዙ የሚፈራው ሌላ ስሕተት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ነበረው፤ እንዲህ የተጻፈ መዝገብ በጥንቃቄ ካልተለወጠ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ይህ ግን ለዓይን ስለሚታይ ይታረማል። የመተማው የከፋ ነው፤ አይታይምና።

ኮሃ የተባለው ሶፍትዌር በኒውዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነኮዱ ለሁሉ ተሰጥቷል፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ስጦታነቱን ብዙዎች በዋጋው ይለኩታል። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ጥቅም ደንቡን ራሳችን ማረም መቻላችን ነው፤ ይኸውም ሀን፣ ሐንና ኀን፣ እንዲሁም ሰንና ሠን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። የመጽሐፉ አርእስት ግን ደራሲው እንደ ጻፈው ይቆይ። ይህን ሳያደርጉ ሶፍትዌር መለወጥ ዕቃውን ሳይፈትሹ መጋዘን እንደ መለወጥ ነው።

የቦታውን ስም ግን ኮድ ብቻውን አያርመውም። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ «የጋላባት ጦርነት፣ 1881 ዓ.ም.፤ የመተማ ጦርነትን ይመልከቱ» የሚል የስም መዝገብ ማዘጋጀት፣ የዓባይ ዳሩንም መተማ ለይቶ መመዝገብ አለበት።

«መጀመሪያ ይዛወር፣ በኋላ ይታረማል» የሚሉ አሉ። ጊዜና ገንዘብ ማነሱን እኛም አንክድም። ነገር ግን መዝገቡ ሁሉ ወጥቶ በአንድነት የሚመረመረው በሚዛወርበት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላ ተመልሶ የሚያየው ጥቂት ነው። ሁሉንም ማረም ባይቻል እንኳ ከአገር ታሪክ ክፍል ይጀመር። አለዚያ የቆላው ልጅ የአገሩን ታሪክ ሊያነብ መጥቶ፣ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አልተጻፈም ብሎ ይመለሳል።