ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥራ

ትምህርት ቤታችንን ለማየት የሚመጡ ወላጆች መጀመሪያ የሚያስተውሉት ማነሳችንን ነው። ያለን አንድ ኮሪደር ነው፤ በየክፍሉ ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ አለ፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰውና ገና ጫማውን ማሰር ያልቻለው በአንድ በር ይገባሉ። “ደስ ሲል! እንደ አንድ ቤተሰብ ናችሁ” ይሉናል። ምስጋናውን ተቀብዬ ዝም እላለሁ እንጂ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ልጆች ጥቂት ስለሆኑ ብቻ አይዋደዱም። እንዲያውም ጥቂት ሲሆኑ ኩርፊያው ይብሳል፤ ከተጣሉት ልጅ ሸሽቶ የሚጠጉበት ሌላ ጥግ የለምና። በትንሽ ትምህርት ቤት ኅብረት የሚመጣው አንዱ ልጅ ሌላውን ሲፈልገው ነው። እንዲፈላለጉ ማድረግ ደግሞ የአስተማሪ ሥራ ነው።

የተወለድኩት ጎንደር፣ ያደግኩት እስራኤል ነው፤ አሁን አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥና ኦሪት አስተምራለሁ። እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች የግል ናቸው። የቀኑ ከፊል ለጸሎት፣ ለዕብራይስጥና ለኦሪት፣ ከፊሉ ለሒሳብ፣ ለሳይንስና ለእንግሊዝኛ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2013/14 የትምህርት ዘመን በተደረገ ቆጠራ በመላ አሜሪካ 861 ትምህርት ቤቶችና 255 ሺህ ያህል ተማሪዎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ልጆች የሚማሩት ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ነው። ከዚያ ወጣ ሲባል እንደኛ መቶ ተማሪ የማይሞላቸው ብዙ ናቸው።

ስለ ክፍል መጠን ማሰብ ግን የቆየ ነገር ነው። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ የትምህርት ቤትን አጀማመር ሲተርክ፣ ቀድሞ ልጅን የሚያስተምረው አባቱ እንደነበር፣ አባት የሌለው ልጅም ሳይማር ይቀር እንደነበር ይነግረናል። ሁለተኛው ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 ከመፍረሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ ቤን ጋምላ በየአውራጃውና በየከተማው አስተማሪ እንዲሾም፣ ልጆችም በስድስትና በሰባት ዓመታቸው እንዲገቡ ደነገገ። ትምህርት ቤት ከመነሻው የታሰበው የሚያስተምረው ለሌለው ልጅ ነበር ማለት ነው። ኋላም ራቫ የተባለው ሊቅ ቁጥሩን ወሰነ፦ ለአንድ አስተማሪ 25 ልጅ፤ 40 ከሆኑ ረዳት ይጨመርለት፤ 50 ከሞሉ ሁለት አስተማሪ ይቀጠር።

እዚያው ላይ ራቭ የሚባል ሌላ ሊቅ ለአንድ የልጆች አስተማሪ የሰጠው ምክር ተጽፏል። ልጅ መምታት ካለብህ ከጫማ ማሰሪያ የበለጠ ነገር አታንሣ ይለዋል። የየኔታን አለንጋ የቀመሰ አንባቢ ልዩነቱ ይገባዋል። ለእኔ ሥራ ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ማንበብ የሆነለት ልጅ ይማራል፣ ያልሆነለትም ከክፍል ሳይወጣ ለባልንጀራው አጋር ሆኖ ይቀመጣል የሚል ነው።

ብዙ ሰው ይህን ለደካማው እንደተደረገ ምሕረት ያየዋል። እኔ የሥራ መመሪያ አድርጌ እወስደዋለሁ። አጋርነት ሥራ ከሆነ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ለልጁ ለይቶ መስጠት ያስፈልጋል። አራተኛ ክፍል ሳስተምር ንባብ የሚከብደው ልጅ ነበር። ፊደሉን ያውቃል፤ ረዘም ያለ ቃል ላይ ሲደርስ ግን ይደናቀፋል፣ ጓደኞቹም ሳይጨርስ ከአፉ ይነጥቁታል። ጆሮው ግን ልዩ ነው፤ አንዴ የሰማውን ዜማ አይረሳም። ኦሪት የሚነበበው በዜማ ነው፤ በሚነበብበት ጥቅል ብራና ላይ ግን የዜማ ምልክት አይጻፍም፣ አንባቢው በቃሉ መያዝ አለበት። ስለዚህ ከክፍሉ ፈጣን አንባቢ ጋር አጣመርኩት። እሷ ቃሉን ትሰጠዋለች፣ እሱ ዜማውን ይሰጣታል። ዜማ ስትስት ጠረጴዛውን በጣቱ መታ ያደርጋል፤ ተመልሳ ትጀምራለች። እያደር ከአፉ የሚነጥቀው ጠፋ፤ እሷም ቃሉን እስኪጨርስ መጠበቅ ለመደች። ንባቡ የተሻሻለው ቀስ በቀስ ነው፣ ተአምር አልታየም። ጉንፋን ይዞት የቀረ ዕለት ግን ልጅቷ መጽሐፏን ይዛ መጣችና “ዛሬ ማን ሊሰማኝ ነው?” አለችኝ።

ሁለት ሁለት ሆኖ መማር ሐቭሩታ ይባላል፤ ዋናው መሣሪያዬ ነው። ጥበቡ ያለው ማጣመሩ ላይ ነው። ጎበዝ ከጎበዝ ጋር ሲቀመጥ ይሮጣሉ፤ ጎበዝ ከደካማ ጋር ሲቀመጥ አንዱ መምህር አንዱ ተማሪ ይሆንና ሁለቱም ይሰለቻሉ። የምፈልገው እያንዳንዱ ሌላው የሌለውን ነገር የያዘበትን ጥንድ ነው፤ የሚቸኩለውን ከሚጠራጠረው፣ ጥያቄ የሚወደውን መልስ ሳያገኝ ከማይነሣው። ጥንዶቹን በየወሩ፣ አዲስ ጨረቃ በምናከብርበት ቀን እለውጣቸዋለሁ። ከዚያ በላይ አብረው ከቆዩ ሌላ ሰው አያስጠጉም።

ሲጣሉስ? ትልቅ ትምህርት ቤት ቢሆን አንዷን ወደ “ለ” ክፍል ማዛወር ይቻላል። እኛ ዘንድ “ለ” የለም። መሐል ገብቶ “በሉ ተሳሳሙ” ማለት አልወድም፤ አፋቸው ይታረቅና ሆዳቸው እንደሻከረ ይቀራል። ጥቂት ቀን እተዋቸውና አንዱ ያለ ሌላው የማያልቅ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። ዓርብ ሰንበትን የምንቀበለው ራሳችን በጋገርነው ዳቦ ነው። አንዷ ሊጡን ታቦካለች፣ ሌላዋ ትጎነጉነዋለች። “ጨው ጨምረሽበታል?” ሳይባል ሥራው አይሄድም፤ ከተጠየቀም መልስ ያስፈልገዋል። ሁልጊዜ ባይሳካም ብዙ ኩርፊያ እንዲህ ባለ ጥያቄ ሲያበቃ አይቻለሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ጋ ሃምሳ ሰው የለም፤ ስምንት ልጅ ነው ያለው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ሎሚ ይደርሰዋል። ጌጥም ነው፣ ይከብዳልም።

ክብደቱን ላስቀድም። ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ያደጉ ልጆች አንዱ ሌላውን ጨርሶ የሚያውቀው ይመስለዋል። በአምስት ዓመቱ “አልቃሻው” የተባለ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱም ስሙ ይከተለዋል፤ እንደ አዲስ ሰው የሚጀምርበት ክፍል አያገኝም። ኃላፊነቶችን ቶሎ ቶሎ የማዘዋውረው ለዚህ ነው። የምጽዋት ሣጥኑን የሚይዘው፣ ጸሎት የሚመራው፣ ለታናናሾቹ የሚያነበው ይለዋወጣሉ። በተለይ የወጣለትን ስም የሚያስረሳ ሥራ ለልጁ እፈልግለታለሁ። የክፍሉ ቀልደኛ ሣጥኑን ሲረከብ ሳንቲሙን ሁለቴ የሚቆጥር ቁም ነገረኛ ይወጣዋል።

ሌላው ክብደት ሁሉም የሁሉን ጓዳ ማወቁ ነው። ክፍያው ከባድ ስለሆነ ቅናሽ የሚያገኙ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆችም ይሰማሉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ቤን ማይሞን ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲከፍል፣ ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን ከላይ ሁለተኛ ላይ አስቀምጦታል። እኔም ለሽርሽር ገንዘብ ስሰበስብ እያንዳንዱ ልጅ የታሸገ ፖስታ እንዲያመጣ አደርጋለሁ። ሙሉም ይሁን ባዶ፣ እጄ ላይ የሚደርሰው ፖስታ ነው። የሚከፈተው ቢሮ ውስጥ ነው።

ጌጡ ጎልቶ የሚታየው በሐዘን ጊዜ ነው። የአንዲት ተማሪዬ እናት አባቷ ሞተው የሰባት ቀን ሐዘን ላይ ሳለች ስድስተኛ ክፍሎችን ይዤ ሄድኩ። በአይሁድ ሥርዓት ሐዘንተኛው አፍ እስኪከፍት ጠያቂው አይናገርም። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህ ከፈተና ሁሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ተለማመድነው። ማን ከልጅቷ አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን የጸሎት መጽሐፍ እንደሚያድል ተከፋፈልን። እናትየው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ነበረች። አንዱ ልጅ እግሩን ማወዛወዝ ሲጀምር ጎኑ ያለችው ጉልበቱን ያዝ አደረገችው። ከቆይታ በኋላ ሴትዮዋ ራሷ ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች፤ ልጆቹም ይጠይቋት ገቡ። የአገሬ ልቅሶ ቤት ይህን ያህል ዝምታ አያውቅም፤ ተሰብስቦ መሄዱ ግን አንድ ነው።

አገሬን ካነሣሁ ስግድ የተባለውን በዓል ልጨምር። የማስተስረያ ቀን ከሆነው ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ጾመው ወደ ከፍታ ይወጣሉ፤ ከጸሎቱ በኋላ ወርደው በደስታ ይመገባሉ። የእስራኤል ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። በዮም ኪፑር እያንዳንዱ ራሱን ይመረምራል፤ በስግድ ደግሞ ሕዝቡ በጋራ። በዚህ መሠረት ተማሪዎቼ “እኛ እንደ ክፍል ምን አጠፋን?” ለሚለው በወረቀት መልስ ይሰጣሉ፤ ስም መጥቀስ አይፈቀድም። “አዲሷ ልጅ ጨዋታችንን እስክትለምድ አልጠበቅናትም” የሚል አንብቤያለሁ። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጉብታ እንወጣለን፤ ስምንተኛ ክፍሎች የሕፃናቱን እጅ ይዘው።

ይህ ሁሉ የማይበቃው ልጅም አለ። የተሟላ ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው፣ የኳስ ቡድን የናፈቀው፣ ከሰባት ልጆች መሐል የልብ ጓደኛ ያጣ ይኖራል። ወላጆቹ ሲያማክሩኝ ትልቅ ትምህርት ቤት ውሰዱት እላለሁ፤ ማነስ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

አዲስ አስተማሪ ሲቀጠር ምክሬ አጭር ነው፦ የክፍልህን ስም ዝርዝር አውጣና፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያ ልጅ ነገ ቢቀር የሚቆም አንድ ሥራ ጻፍ። ባዶ የቀረ መስመር ካለ የሚቀጥለው ሳምንት ዕቅድህ ከዚያ ልጅ ይጀምር።